አራት ሳጥን

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲልሰው፣
ወረቀት ይዞ ገባ የጤና ጣቢያው ሰው።
«ጥርስህን እንዴት ታየዋለህ?» ይላል የላዩ መስመር፤
ከሥሩ አራት ሳጥን፦
በጣም ጥሩ። ጥሩ። ደኅና። መጥፎ።
«እንዳትኮራረጁ» አለን ሰውየው።
ጥርስ ደግሞ ይኮረጃል እንዴ?

የክፍሉ አለቃ ነኝ፤ የምሰበስብ እኔ፤
አላይም ብዬ ነበር፤ እንቢ አለኝ እንጂ ዓይኔ።

ኢልሃም፣ የፒያሳዋ፣ የወርቅ ሠሪው ልጅ፣
ጥርሷን አባቷ በሚዛን መዝኖ የደረደረው የሚመስል፣
«መጥፎ» ላይ አስምራለች፣
ሁለት ጊዜ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪበሳው።
አንዷ ጥርሷ፣ የግራዋ፣ ትንሽ ዘመም ብላለች፤
እኛ አላየናትም፣ ስልኳ ግን አይታለች።
ሽቦ አስገቡልኝ ብላ
ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ የከረመችው ለዚች ነው።

ይመር ደግሞ ከኋላ፣ ከተንታ የመጣው፣
ሰኞ ገበያ ጓሮ ከሦስት ልጅ ጋር የሚያድረው፣
መንጋጋው ከተቦረቦረ ሁለት ክረምት አልፎታል፤
ሌሊት ቅርንፉድ ነክሶ የጣራ ቆርቆሮ ይቆጥራል።
ሲነጋ በወይራ መፋቂያ ፍቆ ፍቆ ፍቆ፣
ደረቅ ሽምብራ ይሰብራል፣ ባንድ ጎኑ፣ ስቆ።
እሱ «በጣም ጥሩ» አለ።
«ውሸታም!» ስለው፣
«ምኑ ነው ውሸቱ? አንዱ ነው የታመመ፣
ሌላው ሁሉ ይነክሳል።
እኛ ጋ ጥርስ ታመመ የሚባለው የተነቀለ ለት ነው።»

ሉባባ፣
አክስቷ ድዷን የነቀሰቻት፣
አገሯ ሳለች ሰርግ ላይ
«እስቲ ሳቂ፣ እንይልሽ» የሚሏት፣
ደሴ ከገባች ወዲህ በሻሿ ጫፍ ውስጥ ትስቃለች።
አራቱንም ሳጥን ዘላ
ከኅዳጉ ላይ፣ በደቃቁ፣ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦
«የት ሆኜ?»

ሰውየው ምራቁን በጣቱ እያስነካ ቆጠረ።
አርባ ስምንት።
«አርባ ዘጠኝ ናችሁ አላልከኝም?»

አርባ ዘጠነኛው ኪሴ ውስጥ ነው፣ አራት ቦታ ታጥፎ።
ምላሴ ሳላዛት ሄዳ
ያቺኑ ቀዳዳ ትዳስሳለች።
መዳፌን አፌ ላይ አድርጌ፣
የሳልኩ መስዬ፣
«አንድ ልጅ ቀርቷል» አልኩት።