የጣር ትንፋሽ

በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ፣ ባሕር በከበባት፣
ከሰዉ ቁጥር ይልቅ ጀልባ በበዛባት
ደሴት ላይ፣ ማክሰኞ፣ መብራት ሲበራባት፣
ጉንቮር ትመጣለች፣ ጡረታ ያልገባት።
እግር የለሽ ገላ፣ ከጎማ የተሠራ፣
በጀርባዋ አዝላ፣ ከሻንጣዋ ጋራ፣
መረብ መጠገኛው ጠረጴዛ ላይ ጥላ፣
«በሉ ተነሡ» ትላለች፣ «ይህ ሰው ሞቷል» ብላ።

ቃል ታስይዘናለች፦ ስብራት፣ ውልቃት፣ ትንታ፣
የደም ሥር ምት፣ ቃሬዛ፣ ሌላም ሌላም ጋጋታ።
አንድ ቀን «ድንጋጤ» ስትል ሳቅን።
«አይጥ አይታችሁ የምትዘሉት አይደለም» አለችን።
«ይኼኛው ድምፅ የለው፤ ደም ከቆዳ ሸሽቶ
ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከንፈርን አገርጥቶ።
ሰውየው ‹ደህና ነኝ› ይላል። እንዳታምኑት።
አስተኙት። አልብሱት።»

አስብዮርን ብቻ፣ የክሬን ሾፌሩ፣
አልይዝ ብሎት ቃሉ፣ ባዶ ነው ደብተሩ፤
«የልብ ድካም» ስትለው «የወገብ ነው» ብሎ
እርሳስ ያኝካል፣ ከመስኮቱ ሥር ተጠቅልሎ።
አንድ ምሽት ግን፣ «የጣር ትንፋሽ» ስትል፦
«ልብ ቆሞ ሳለ፣ አፍ አንዳንዴ ይከፈታል፣
አንዴ... ቆይቶ... አንዴ። ዘመድ ‹ተነፈሰ› ይላል፤
በዚያች ደስታ መሀል ሰውየው ያመልጣል»፣
አስብዮርን ቀና አለ፣ ጻፈ።
አንዲት ቃል ብቻ። ከዚያ ደብተሩን አጠፈ።

በየካቲት፣ ሳጥን ከጀልባ ሲወርድ፣
ተዘረረ ቶርልፍ፣ ከበረዶው መንገድ።
ቶርልፍ ማለት፣ ከስድስት ዓመት በፊት
ገመድ ተውሶ ሳይመልስ የቀረ ጎረቤት፤
ከአስብዮርን ጋር ሰላምታ የሌለው፣
በዚያች ጠባብ ወደብ ፊት አዙሮ የሚያልፈው።

ስልኩ በእኔ እጅ ነው። አንድ፣ አንድ፣ ሦስት።
«ይተነፍሳል ወይ?» አለችኝ፣ ድምጿ የረጋ ሴት።
አፉ ይከፈታል። «አዎ» ልላት ስል፣
ከጀርባዬ ጩኸት፦ «አይተነፍስም በል!
ዓሣ ነው! ከባሕር የወጣ፣ ከጀልባ ወለል ላይ
አፉን የሚከፍት! ስንት ሺህ አይቼ የለም ወይ!»

ጓንቱን በጥርሱ መዞ፣ ካፖርቱን በቢላ ቀዶ፣
መዳፍ በመዳፍ ደርቦ፣ በጉልበቱ ወርዶ፣
መቁጠር ጀመረ። ቃል ያልያዘለት ሰው
ቁጥር አልጠፋውም።
ቀጭ አለ አንድ አጥንት። አላቆመም።
ሌላም ቀጭ አለ። አላቆመም።
ጉንቮር በካልሲ ሮጣ፣ ከሱቁ ግድግዳ
የልብ ማሽኑን ነቅላ ደረሰች።
«ራቁ» አለ ማሽኑ። ራቅን።
ባሕሩም ወደኋላ ያለ መሰለኝ፣ ትንፋሻችንን ስንይዝ ሁላችን።

ሄሊኮፕተር ወሰደው።

በረዶው ሲቀልጥ፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣
ቶርልፍ በሩን ገፋ፣ በቀስታ፣ በቀስታ።
«ሁለት ጎድን ሰብረሃል» አለ፣ ደረቱን ይዞ።
«ገመዴስ?» አለ ያኛው፣ እርሳሱን ከጥርሱ መዞ።
«ሁለት አጥንት በአንድ ገመድ፤ ከዚህ በላይ ካሳ?»
«በል ተወው፣ ይረሳ።»
ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጎማውን ሰው አየው፤
ጃኬቱን አወለቀና፣ ምንም ሳይል፣ አለበሰው።