የሦስት ዓመት ልምድ

ሰሌዳው ሥር ቆሜ ጣቴን አስኬዳለሁ፤
ሒሳብ ሹም፣ ሾፌር፣ ገንዘብ ያዥ... እያልሁ እዘልላለሁ፤
ፀሐይ ያነጣው ወረቀት፣ ስፒል የነከሰው፣
የእኔ ሙያ ወሬው እንኳ ያልደረሰው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ብዕሯን አንሥታ
«ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ስትለኝ፣
«ጨዋታ።»
«እሱማ እኔም አለኝ ሥራ የፈታሁ ለታ!»
ስቃ ታስቀኛለች።
ቅጹ ላይ «ሌላ» የምትል ጠባብ ሣጥን አለች፤
እሷ ውስጥ እገባለሁ።

አንለይ ባንክ ገባ፤ ከረባቱ አንገቱን አስረዝሞታል።
ስንሻው ባጃጅ ይነዳል፣
«ከክፍላችን ልጅ ኮድ ላይ የጸናሁ እኔ ብቻ ነኝ» ይላል፤
ኮድ አንድ፣ ታርጋው ላይ።
ሒሳብ አይቀበለኝም። «ስትቀጠሪ» ይላል፣ ወደ ዘንባባዎቹ እያየ።

ማታ፣ መብራት ካለ፣ ደብዳቤ እልካለሁ፤
ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ናይሮቢ፣ ስሙን በቅጡ ወደማልጠራው አገር።
ዐርባ አንድ ላክሁ፤ ሰባት መለሱ።
ስድስቱ በአንድ ሌሊት የመከሩ ይመስል
«ሥራሽ ደስ ይላል፤ የሦስት ዓመት ልምድ ግን...» ብለው ጨረሱ።
ሰባተኛው «ውድ አቶ» ይለኛል።

ያለ ልምድ ሥራ የለ፣ ያለ ሥራ ልምድ፤
ዙሪያውን ብዞረው የታል በሩ? የታል መንገድ?
ማሽን ላይ እንዲህ ያለ ዙር ብጽፍ ደርቆ ይቆማል፤
እኔ ሰው ነኝና ይነጋል፣ እነሣለሁ፣ ከላይ ይጀምራል።

የማሳየው አንድ ጨዋታ አለኝ፣ ክረምቱን በሙሉ የለፋሁበት፦
እንጨት የጫነ ታንኳ ከዘጌ ተነሥቶ ባሕር ዳር ሊገባ
እምቦጩ መንገድ ሲዘጋው፣ ጉማሬ ሲያደባ፤
ሳይመሽ ከደረሰ፣ አለፈ።
ታንኳው ግን አንዳንዴ ደሴት ሰንጥቆ ያልፋል፤
ስሕተቷ የት እንዳለች አልደረስሁባትም፤
መነኮሳቱን በልቤ «ማሩኝ» እላለሁ።

ትናንት ከቀትር በኋላ
አያ ደሳለው ውኃው ዳር ደንገል ሲያስር አገኘሁት፤
ስልኬን ሰጠሁት።
እጁን በቁምጣው ጠርጎ ተቀበለኝ፤
አውራ ጣቱ ሰፊ ነው፣ የጣናን እኩሌታ ከለለ።
ቀዘፈ፣ ሰጠመ። ቀዘፈ፣ ሰጠመ።
አልሳቀም።
«ይኼን የሠራ ሰው ታንኳ ረግጦ ያውቃል?»
«እኔ ነኝ የሠራሁት።»
«አውቄያለሁ» አለ።
«በዚህ ሰዓት ነፋሱ ከሐይቅ ወደ ዳር ነው፤ አንቺ ከከተማ አመጣሽው።
ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ እየዋለ ይከብዳል፤
ያንቺው ጧትም ማታም ያው ነው፣ ላባ።»
«ስንት ዓመት ሠራህ፣ አያ?»
«ማን ቆጥሮት!» ብሎ ገመዱን በጥርሱ አጠበቀ።

ማታ ነፋሱን አዞርሁት።
ደንገሉ ውኃ እንዲጠጣ አራት መስመር ጨመርሁ።
መብራት ሄደ። ባትሪው ዐሥራ አንድ በመቶ።
በዘጠኝ በመቶ ታንኳው ከበደ፤
ጣቴ ላይ፣ የእውነት፣ ከበደ፤
ጨለማው ውስጥ ብቻዬን ጮኽሁ፣ እናቴ «ምን ሆንሽ?» አለች።
በአራት በመቶ ዐርባ ሁለተኛውን ደብዳቤ ላክሁ፤
«ልምድ» ከሚለው ፊት የጻፍሁት፦
የአንድ ከሰዓት ነፋስ።

ደሴቱን ግን አሁንም ሰንጥቆ ያልፋል።