ተሰኪ ጎድሏል

ቅርያት ጋት ላይ ሐምሲን ነው፤ ሰማዩ የአቧራ ቀለም፤
ከብሎኩ ሥር፣ ሚክላቱ ውስጥ፣ ከእኔና ከማራገቢያው በቀር ማንም የለም።
«የዘመነ ጥገና» ይላል በሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት፤
ስሜ ነው እንጂ፣ ሙያዬስ
የከረመ መጎርጎር፣ ላልዘመነ ዕቃ መሟገት።
ከከተማው ጫፍ ፋብሪካው አዲስ ቺፕ ሲወልድ ያድራል፤
የሞተው ወደ እኔ ይመጣል።

ኖጋ ገባች፤ የወታደር ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣
ስልኳን ዘረጋችልኝ፤ ጣቷ መስተዋቱ ላይ ሲወጣ፣ ሲወርድ።
«ጋሽ ዘመነ» አለች፣ እብራይስጥ በሚጎትተው አማርኛ፣
«የአያቴ ገጽ እምቢ አለኝ፤ ግራጫ ሳጥን ብቻ፣ የታመመ ዓይን ይመስል፣ የተኛ።»
ሳጥኑ መሃል የእንቆቅልሽ ስባሪ፣ ጆሮው የተቆረጠ፤
ከሥሩ አንድ መስመር፦ ተሰኪ ጎድሏል።
ሌላ ቃል የለም። ዝም ብሎ አፈጠጠ።

«ዛሬም ተሰኪ ያስፈልጋል?» አለችኝ። ሳቅኩ መሰለኝ።
ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱ ነው ጉሮሮዬን ያነቀኝ።

አያስፈልግም፣ ልጄ። ድሮ ነው ብሮውዘር ከጽሑፍ ሌላ የማያውቅ፣
ሥዕል እንዲራመድ፣ ቪዲዮ እንዲናገር፣ ፍላሽ ካልሰኩለት የማይነቃነቅ።
«አውርድ፣ ጫን፣ አድስ፣ እንደገና አስነሳ» ሲለን ውሎ ያድር፣
እኛም ስንጭን፣ በዚያው ቀዳዳ ሌባ ሲገባ፣ ደጁን ስናጥር።
ዛሬ ሁሉም ውስጡ አለ፤ ቪዲዮው እንደ አራት ነጥብ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤
ሥዕሉም ፈቃድ ሳይለምን በራሱ እግር ይሮጣል።

በድሮው የተሠራውስ?
ይህን አልጠየቀችኝም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት።

ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ፀጉሬ ሙሉ ሳለ፤
ሠላሳ ሦስት ፊደል፣ አንዱም ቆሞ የማይውል፣ አንዱም ዝም ያላለ፦
ለ በሁለት እግሯ ስትፈተለክ፣ ሐ ሦስተኛውን ስታነክስ፣
መ መነጽር ሆና ስታነብ፣ ዐ ፀሐይ ሆና ጠልቃ ስትመለስ።
ድምፁ የአያቷ ነው፤ የአቶ ስማቸው፣ የጥጥ ፋብሪካው ዘበኛ፤
እዚሁ ሚክላት ውስጥ ቀዳናቸው፣ ከተማው ሲተኛ።

የመጡ ዕለት ጸሐፊዋ «ይከብዳል» ብላ «ሺሞን» አለቻቸው በመዝገቡ፤
እሱም ከመስማት የወጣ ስም መሆኑን እሷም እሳቸውም ሳያስቡ።
ተሰኪ ምን እንደሆነ ባስረዳኋቸው ጊዜ እንዲህ ሳቁ፦
«እኔንም ካልሰኩብኝ አልከፈትም ነበር!
ሺሞንን ጫኑብኝ፤ የራሴን ግን አላራገፍኩም።»

ከጥግ አሮጌውን ኮምፒውተር ጎተትኩ፤
ኢንተርኔት የማያውቅ፣ ሰዓቱ ያለፈ ዘመን ላይ የቆመ።
የተቧጨረ ሲዲ አጎረስኩት። አጓራ፣ አመነታ፣ አዳመጠ፣ ደገመ።

«ሀ» አሉ አቶ ስማቸው።
ኖጋ ቦርሳዋን አወረደች።

ለ ሮጠች፣ መ አነበበች፤ ነ ላይ ሲደርሱ ሳሉ፤
ሳሉና ኘን ዘለሏት፤ ቀጥታ «አ» አሉ።
ኘ ብቻዋን አፏን ከፍታ፣ ያለ ድምፅ ዘላ ዘላ ወደቀች።
ያኔ «እንድገመው?» ብለውኝ ነበር። «ነገ» አልኳቸው።
ነገ ሳይረን ነበር። ከነገ ወዲያ የሌሊት ተራቸው።
ከዚያ ወዲያ ያለውን ኖጋም ታውቀዋለች።

ሌሊቱን ፍሬም በፍሬም ስገለብጥ፣ ወደ አዲሱ ስቀዳ፣
ፕሮግራሙ ጠየቀኝ፦ «ባዶውን ልቁረጠው? ሳሉን ላጽዳ?»
አይ። ባዶውም ይቅር። ሳሉም ይቅር።
«የተናጋሪው ስም?» አለ። አንድ ቃል ሞላሁ፦ ስማቸው፤
ለሚያውቃቸው ስም ነው፤ ለማያውቃቸው ትእዛዝ።

ጠዋት ከአውቶቡስ ጣቢያ መልእክት ላከችልኝ፤
ያለ ጭነት፣ ያለ ተሰኪ፣ ስልኳ ላይ ከፍቶላት፦
«ኘ ላይ ሲደርሱ እኔ አልኩላቸው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።»

አሮጌውን ኮምፒውተር ከሶኬቱ ገና አልነቀልኩትም።