ሞላ ጎደል

ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሲኖትራክ ሲመላለስ አቧራ ሲያነቃ፣
አንድ አሮጌ ኮንቴይነር፣ ከፊቱ ዳስ ቆርቆሮ፤
ጋራዥ እንለዋለን፤ አይመረጥ ኑሮ።

ቅዳሜ ማለዳ ያብስራ መጣና
ከኋላ ወንበር ላይ ካርቶን አወጣና
ዘረገፈው፦ አራት ሞላ፣ ቀይ እንደ በርበሬ፤
«ጋሼ፣ ይቺን መኪና ዝቅ አርግልኝ ዛሬ።»

ነጭ ኮሮላ ናት። አባቱ ነድተዋት፣
ታክሲ ሠርተውባት፣ ልጅ አሳድገውባት፣
ሞተው የተዉለት።
ፓራፋንጎው ላይ በሁለት እጄ ተጫንኳት፣ ለቀቅኳት።
ወረደች። ወጣች። ወረደች። ወጣች።
ደግሞ ወረደች፣
ዳኛ እንዳጣ ክርክር።
«ሾኩ አልቋል» አልኩት። «ዘይቱን አልቅሶ ጨርሷል፤ ይኸው እይ፣ ጥቁር።»
«የያዝኩት ብር የሞላ ነው። ሾክ ደግሞ ማን ያየዋል?»

ማን ያየዋል!
እኔ አየዋለሁ፣ ከሥር ተኝቼ፣ በጀርባዬ።
ስማኝ ልጄ፤ ሞላ ቂመኛ ነው፤
የረገጠውን ጉድጓድ አይረሳም፤
ሲጫኑት ዝም ያለ ይመስላል፣ መልሶ ይነሳል፣ ይመታል፣ ደግሞ ይነሳል።
ሾክ ነው ሽማግሌው፤
መሐል ገብቶ፣ «ይብቃ፣ በዚህ ይለቅ» የሚለው።
አንተ ያመጣኸው ሞላ ጎረምሳ ነው፣ ክንዱ የጠና፤
ይኼ ሽማግሌ ድምፁ እንኳ አይሰማም፣ ደክሟልና።
ቁመቱም አለ፦ መኪናዋ ስታጥር
ሾኩ ጉልበቱን አጥፎ ነው የሚኖር፣
ጣራው ዝቅ ያለ ቤት እንደተከራየ ረዥም ሰው፤
ቀና ባለ ቁጥር አናቱን የሚመታው።
ሁለቱን አብረህ ቀይር። አንዴ ይፈታ፣ አንዴ ይታሰር።

«ግድ የለም ጋሼ፣ በሞላ ጎደል ይሂድ» አለኝ።
ሞላ አለ፤ ጎደል አለ።
ሳቅ አመለጠኝ። እሱ ያለውን አልሰማም።

ገጠምኩለት። ልዋሽ አልችልም፤ የቦታው ኪራይ ደርሶ ነበር።
ቶሌራ ክሪኩን ሲያወርድ መኪናዋ ቁጢጥ አለች፤
በጎማና በፓራፋንጎ መሐል ጣት አይገባም።
ዝቅ ብሎ እንዲህ የኮራ ሰው አይቼ አላውቅም፤
ሙዚቃውን ከፍቶ፣ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ሄደ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሙዚቃ የለም።
ቴፑን ነቅሎ ሸጦታል፤ አራት ሾክ በማዳበሪያ ይዟል።
አክስቱ እታለማሁ ኮዬ ፈጬ ሱቅ አላት፤
ሦስት ትሪ እንቁላል ጭኖላት፣
ኮብልስቶኑ ላይ መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለች፤
ከዘጠናው ሰባ አንዱ ፈሰሰ።
አልተቆጣችም አለኝ። የተረፉትን ቆጥራ፣
አንዷን መዳፉ ላይ አኖረችለት፤
«እንካ፣ ይቺ የአንተ ድርሻ ናት።»
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር አለ።

ያንኑ ቡሎን ሁለተኛ ፈታሁ፤
የእጄን አልጠየቅኩም፤ የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው።
አሮጌውን ሾክ ገፋሁት፤ ገባ። አልወጣም።
የአባቱን መንገድ ሁሉ ውጦ ውጦ፣
የቃሊቲን ጉድጓድ፣ የአቃቂን ኮረኮንች፣
አንድም ቀን ማን አየኝ ሳይል።
«ልጣለው?» አለ ቶሌራ።
ያብስራ ተቀብሎ በጋዜጣ ጠቀለለው።

የመጨረሻው ዳዶ ሲጠብቅ መሸ። ተጫንኳት፣ ለቀቅኳት፦
ወረደች። ወጣች።
ቆመች።

ያብስራ ከጨርቅ ፈትቶ ያቺን እንቁላል አወጣ፣ ጥሬዋን፤
ዳሽቦርዱ ላይ ካለችው ጎድጓዳ፣ ምንም ሳያነጥፍ አስቀመጣት።
ወደ ቂሊንጦ፣ ወደ ኮረኮንቹ ታጠፈ።
እኔና ቶሌራ ዘይት የነካው እጃችንን ሳንታጠብ ቆመን
የኋላ መብራቱን በዓይናችን ሸኘነው፤
ፍሬን የያዘው አንዴ ብቻ ነው።