ነጯ ቁራጭ

ካርታው ግድግዳው ላይ በአራት ሚስማር ተወጥሯል፤
የሄድንበት ሁሉ በቀይ እርሳስ ተሠምሯል።
አንዲት ቁራጭ ብቻ፣ ጥፍር የምታህል፣
ነጭ እንደሆነች ቀርታለች፣ ከቀዩ መሃል።

«እሷስ መቼ ናት፣ ሉዌላ?» ይለኛል ኤልሮይ፣
የጫማውን ማሰሪያ ሲስብ፣ ቀና ብሎ ሳያይ።
«አንድ ቀን» እለዋለሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን
እያልኩ ዘጠኝ ጥር አለፈ፤ ሌላ ሌላውን ስንፈጅ ከረምን።

እሱ ሠላሳ ዓመት የወተት ቦቴ ነድቶ፣
የዊስኮንሲንን ጥርጊያ እንደ መዳፉ ለይቶ፣
እግሩን ያወቀው ግን ጡረታ ሲወጣ ነው።
«በሐምሌ ማን ይሄዳል፣ ደሙን ለትንኝ ሊገብር?
በጥር ነው፣ ቅጠል ሲራገፍ፣ የሚታየው የምድር
አጥንት» ይላል። እውነቱን ነው።

አይቼዋለሁ አጥንቱን፤ የበረዶ ግግር ጎትቶ፣
እንደ ሰነፍ ግንበኛ ፍርስራሹን ትቶ
የሄደበትን ኮረብታ፤
ከግግሩ ሆድ ሥር ሲፈስ የኖረ ወንዝ፣
ዛሬ ጀርባ አውጥቶ የተኛ፣ የጠጠር ጉብታ፤
ክብ ክብ ጉድጓዶች፣ ተረስቶ የቀረ በረዶ
ከአፈር በታች ቀልጦ፣ መሬቱ ተንዶ
የሆኑ። ድስት ይሏቸዋል የሀገሩ ሰዎች።
አሁን ግጥም ብለው ረግተዋል፤ በላያቸው የአጋዘን ኮቴዎች።

ዛሬ ጠዋት ምን እንደነካኝ እንጃ፣
«ወደ ነጯ ንዳ» አልኩት፣ ሾርባው ሳይወርድ ከምድጃ።
አልጠየቀኝም። መጥረጊያው መስታወቱን ሲፍቅ፣
አየሩ ከዜሮ ሃያ በታች፣ ቅንድብ የሚያደርቅ።

አጥሩ ምሰሶ ላይ መዳፍ የምታህል ቢጫ ቀለም፤
ቀጥሎ ኦኩ ዛፍ ላይ። ምልክት ግን አልፈልግም።
ይህን ዛፍ መብረቅ ሲሰነጥቀው ሰባት ዓመቴ ነበር።
እዚህ ጋ በረቱ፣ እዚህ ጋ የገለባ ማማው፣
የእናቴ እንጆሪ እዚያ፣ ከቁልቁለቱ በላይ ዳር።

ባንኩ ነው የሸጠው። ከባንኩ የገዙት ሰዎች
አርጅተው ሲሄዱ ሰጡት፣ ለመንገደኞች።
አባቴ አይደለም የሰጠው። አባቴ በጨረታው ቀን
ትራክተሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣
ዋጋው እየተጠራ፣ አልወርድም አለን።

ከመስኩ ጫፍ፣ ወገቡ ድረስ በበረዶ ተውጦ፣
የድንጋዩ ክምር አለ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጦ።
ውርጩ በለቀቀ ቁጥር መሬቱ ድንጋይ ይወልዳል፤
ወንድሜ ሩዲና እኔ እንለቅማለን፣
አባቴ በጀርመንኛ ይራገማል።

ኤልሮይ ጓንቱን አውልቆ አንዱን ቀይ ዳሰሰ፤
«ይሄ የዚህ አይደለም፣ ከካናዳ ነው የፈለሰ።»
«አውቃለሁ። እዚህ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»
ሳቀ። ሳቁ ጢስ ሆኖ ወጣ፣ ተበተነ።
ከዚያ ዝም ብሎ ሾርባውን ቀዳልኝ።

ማታ እርሳሱን ቀረጽኩት። ቀረጽኩት። ጫፉ ተሰበረ።
ኤልሮይ ደውሎ «ቅዳሜስ ወዴት?» አለኝ፤
ጉልበቴን አመመኝ አልኩት፤ እውነትም ነበረ።