መርፌ ትቀድማለች

ሃያ ሁለት ዓመት ከስፌት መኪና ጋር፣
ፒያሳ በረንዳ፣ ከሱቁ ደፍ ዳር፣
እግሬ ፔዳል ሲረግጥ፣ ሲወርድ ሲነሣ፣
አንድ ስንዝር አልሄድሁ፤ ያው እዚያው ፒያሳ።
የስንቱን ሰው ወገብ ለካሁት በሜትር፣
የራሴን ዘንግቼ ሲያብጥ ሲወጠር።
ሱሪዬን ሦስት ጊዜ በጎን አሰፋሁት፣
«ጨርቁ ነው የጠበበ» እያልሁ አማሁት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ውጤቱን አይታ አየችኝ፣
«ሥራዎ ምን ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።
«እግሬን አሠራለሁ፣» አልኋት፣ «ከጧት እስከ ማታ።»
ሣቀች። ከኪኒኑ ስም በላይ ግን፣ ፊደሉን አጉልታ፣
«በየቀኑ መራመድ» ብላ ጻፈችና፣
ከሥሩ አሰመረች፤ ሁለቴ፣ እንደገና።

ልደብቀው ነበር። ከኮቴ ኪስ አውጥታ
ትርንጎ አነበበች፣ እናቷንም ጠርታ።
ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ነው የምትወድ።
«ሁላችን ነን እንጂ፣ አባዬ ለብቻው እንዴት አርጎ ይሄድ?»
ፈንታነሽ ተቆጣች፦ «እኔስ ስሮጥ ነው የምውል፣
ከገበያ ጓዳ፣ ከጓዳ ገበያ፤ ደግሞ ሩጪ ልባል?»
እውነቷን ነው። ግና ደረጃ ስትወጣ፣ ጉልበቷን ደግፋ፣
ስንት ቀን አይቻት፣ ዝም ብዬ ስሰፋ።

የመጀመሪያው ቀን ጫማም አልነበረን።
እኔ የቆዳዬን፣ እሷ ኮንጎዋን፣
ትንሹ አንሙት የእኅቱን ሹራብ፣ እጅጌው ጣቱን ውጦት፣
ሳሙና በርን ወጣን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ሌባ ተሹለክልከን።
ወይዘሮ ጥሩአየር በር ከፍተው ብቅ አሉ፣
ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ «ማን ሞተብን?» እያሉ።
«ማንም አልሞተም፤ ለጤናችን ነው!» አልናቸው ጮኸን፤
«ጤነኛማ ይተኛል!» ብለው በሩን ዘጉብን።

አንድ ሐሙስ፣ ከጎሃ አቀበት አጋማሽ፣ ተጣላን።
አንሙት «እዘሉኝ» አለ። ፈንታነሽ «ቀስ በሉ» አለች።
እኔ ድንጋይ አገኘሁ፣ ተቀመጥሁ፣ «ይብቃን» አልሁ።
ትርንጎ መልስ አልሰጠችም፤
ዞራም አላየችን፤ ብቻዋን ወጣች።
ቆየን።
ከታች ግንቦቹ ከጭጋጉ ውስጥ ራሳቸውን ብቻ አውጥተው ያዩናል።
ያኔ ነው፣ ሰፊ አይደለሁ፣ የገባኝ፦
መርፌ ትቀድማለች፤
ክሩ ቢቋጠርም፣ ቢጠላለፍም፣ ቢያጉረመርምም፣
ተጎትቶም ቢሆን፣ እሷ በቀደደችው ያልፋል።
ተነሣን።

ሐምሌ መጣ። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ዋጠ፣
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሰው ቤት ተቀመጠ፤
ጫማችን ካልጋ ሥር ሻጋታ አበቀለ፣
ስኳሬን ተለካሁ፤ ቁጥሩ ሽቅብ አለ።
ለማንም አልነገርሁ።
በአሥራ ሁለተኛው ማታ ፈንታነሽ፣ ያቺ ጉልበቷን የምታሽ ሴት፣
ጠረጴዛውን ገፍታ፣ ሬዲዮኑን ከፍታ፣
ነጠላዋን ከወገቧ አጥብቃ፣
«ትከሻን ምን አግብቶት ጭቃ!»
የስንቱን ሙሽራ ትከሻ የለካሁ ሰው
የራሴን እንዴት እንደሚነቀንቁት ጠፍቶኝ ኖሯል።
አንሙት ሲሥቅብኝ ከመደቡ ወደቀ።
ላብ በጀርባዬ ወረደ። ደግመን፣ ደጋግመን።
ከግድግዳው ወዲያ ወይዘሮ ጥሩአየር፦
«አሁን ደግሞ ሠርግ ነው?»

መስከረም ላይ ሱሪዬን ፈታሁ።
ካሰፋሁት ከሦስቱ አንዱን መልሼ አጠበብሁ፤
ሁለቱ ገና ናቸው። ሜትር አይዋሽም።
ትርንጎ በደብተሯ አሰላችው፦ «ያ ሁሉ ርግጫህ
መንገድ ቢሆን ኖሮ፣ አባዬ፣
መተማ ደርሰህ ስንት ጊዜ በተመለስህ።»
ወይዘሮ ጥሩአየር ትናንት ደጃፋቸው ቆመው ጠበቁን፣
ነጠላው በደንቡ፣ እግራቸው በልጃቸው ሸራ ጫማ።
«እስከ ማዞሪያው ብቻ፣» አሉ። ከማዞሪያው አለፉ።

መኪናዬ ያው ነው፤ እግሬም ቀኑን ይረግጣል።
ግን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከዶሮው ቀድሞ፣ አንሙት
ብርድ ልብሴን ገፎ፣ በቀዝቃዛ ጣቱ ተረከዜን ይዞ፣
«ክር፣» ይለኛል፣ «ተነሣ፤ መርፌዋ በር ላይ ናት።»