ከላይ ነው የሚነገረኝ

በሴቱባል ወደብ ባለ አሮጌ ሆቴል፣
አዳራሹን ቁልቁል በምታይ ጠባብ ክፍል፣
መብራት አደበዝዛለሁ፣ ድምፅ አጎላለሁ፤
በሰዓት ተቆጥሮልኝ ደሞዜን እበላለሁ።

መምህር አዴሊኖ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣
የበፍታ ሸሚዝ ለብሶ መድረኩ ላይ ይወጣል።
ገና ሳይናገር ዝም ይላል ለረጅም፤
ዝምታውን የምለካው እኔ ነኝ፤ አርባ ሰከንድ፣ ከዚያ አይበልጥም።
ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ወደ ጣራ ይቀስራል፤
«ከላይ ነው የሚነገረኝ» ይላል።
አልዋሸም።
ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

በር ላይ ወረቀት ይታደላል፤
«የልባችሁን ሸክም ጻፉ፣ ማንም ሳያነበው ይቃጠላል።»
እውነት ነው፣ ይቃጠላል።
ግን አስቀድሞ በእኔ እጅ ያልፋል።
እኔም በትንሿ ማይክ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ሐሜት፦
«ሦስተኛው ረድፍ፣ አረንጓዴ ሻሽ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፤
በስተግራ ባለመነጽሩ፣ በቁማር ያስበላ ቤት...»
እሱ ከኔ ይሰማል፤ እነሱ ከሰማይ ይመስላቸዋል፤
እንባው ሲመጣ መብራት እቀንሳለሁ፣ ጨለማ እንባን ያበዛዋል።

ለምን ሠራኸው በሉኝ። የቤት ኪራይ ነው መልሴ።
ደግሞም፣ አልደብቅም፣ ደስ ይላት ነበር ነፍሴ፣
ሦስት መቶ ሰው ሲያለቅስ በአንዲት ጣት እንቅስቃሴ።

የመጀመሪያው ሐሙስ በነፃ፣ ሁለተኛው የሳምንት ደሞዝ፤
ሦስተኛው ላይ፣ «የምትጠራጠር እህትሽን ስልክ አታንሺ» የሚል ትእዛዝ።
ካልዳንሽ ጥፋቱ ያንቺ፣ ከዳንሽ ምስጋናው የሱ፤
እንዲህ ነው ሒሳቡ፤ በሁለቱም በኩል አይጎድልም ኪሱ።

አንድ ሐሙስ ግራሲዬት መጣች፤ ዓሣ ሻጭ ናት፣ ከገበያው ዳር።
«ልጄን ቶሜን ባሕር ወሰደው፤ አስከሬኑን አላገኘሁም» ብላ ጽፋ ነበር።
አነበብኩ። በጆሮው ነገርኩ። መምህሩ ጣቱን ቀሰረ፤
«ውሃ አየሁ... አንዲት እናት... ቶሜ...» እያለ ተናገረ።

ተነሣች፤ ማይክ አላሻትም፣ ድምፅዋ የዓሣ ገበያ ነው፤
«ወልጄ አላውቅም» አለች፤ «ቶሜ ድመቴ ነው።
ዛሬ ጠዋት ሰርዲን በልቷል፤ ባሕር ቀርቶ ዝናብ ያስፈራዋል።
ይሄን የነገረህ ከላይ ከሆነ፣ ላይኛውም ይሳሳታል?»

ሳቅ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም አንድም ሰው።
በክፉ ያዩት እሷን ነው።
የከፈለ ሰው፣ መታለሉን ከሚሰማ
እንደተታለለ መኖር ሳይሻለው አይቀርማ።

መምህሩም አልደነገጠ። ፈገግ ብሎ፣ ቀረብ ብሎ አያት፤
«ያልወለድሽው ልጅ ነው የሚጠራሽ» አላት።

ይሄኔ ጉልበቷ ከዳት።
ስንት ዓመት ሐኪም ቤት እንደተመላለሰች እኔ በምን አውቄ፣ እሱስ በምን አውቆ?
በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ አንድ ሰው አያጣም።
ከመሃላችን ያልወለደው የማይጠራው ማን አለ?

ወንበሩን ይዛ ቆየች። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችም፤
«አዎ፣ ይጠራኛል» አለች፤ «ባንተ አፍ ግን አይደለም።
ሐዘኔ የኔ ነው፤ ቲኬት አይቆረጥበትም።»

እሱ እጁን ወደ መሬት ዝቅ አደረገ፤
ምልክታችን ነው፦ መብራት ቀንስ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበረች።
ወደ ላይ ገፋሁት። እስከ መጨረሻው።

የግድግዳው የተላላጠ ቀለም፣ የወንበሩ ዝገት፣
የሰው ሁሉ ፊት፣ ያበጠ፣ ያፈረ፣ በዚያ ነጭ ብርሃን ፊት፤
በመምህሩም ጆሮ ውስጥ ባቄላ የምታክል ነገር ብልጭ አለች።
ስንት ሰው እንዳያት አላውቅም። ግራሲዬት አየች።

አታመስግኑኝ። ሥራ ለቀቅሁ እንጂ አልተናገርሁም፤
እሱም ሌላ ከተማ፣ ሌላ ጣሪያ ሥር ሌላ ሰው አላጣም።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ፤ ግማሽ ኪሎ ሰርዲን አልኋት።
አላወቀችኝም፤ ከላይ የነበረን ሰው ማን ያውቃል?
ዓሣውን ሚዛኑ ላይ አኖረች፣
እጇን አንሥታ፣ ራቅ አድርጋ፣
መርፌው እስኪቆም ጠበቀች።
ዋጋውን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው።